ቀምሰህ ስጠኝ

ዘማቹ ተማሪ ከኮበለለው ባላባት መዋኛ ገንዳ በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያውን ጠብ ሲያደርግበት ውሃው የሚፈለገውን ብርቱካንማ ቀለም ያዘ። ጠዋት ዓይን የሚወጋ ሮዝ ነበር፤ አሲድ ገንዳው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምር ውሎ ነው እዚህ ያደረሰው። ደስ አለው። ዩኒቨርሲቲ እያለ እንኳ እንዲህ ሰምሮለት አያውቅም።

«ተስተካክሏል፣ እናቴ! በሬዎን ያጠጡ።»

ወይዘሮ አልታዬ የበሬውን ገመድ ሳብ አደረጉ። ምንጩ ደርቋል፤ ድርቁ ከከብቶቻቸው ያስተረፈላቸውም ይህንኑ በሬ ብቻ ነው።

«አበጀህ ልጄ። በል ቀምሰህ ስጠኝ።»

ተማሪው ደነገጠ። እርግጥ ነው፣ ጠላ ቀጂ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። «ቀለሙን አያዩትም እንዴ?» ብሎ ብልቃጡን አነሳ።

«ወላሂ ያምራል!» አሉ ወይዘሮ አልታዬ። «መርዝም ያምራል።»

ገንዳውን ከቦ የቆመው ገበሬ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ጉሮሮ ጉሮሮውን ያየው ጀመር። ተማሪው በመዳፉ ጨለፈ። ከብልቃጡ ጋር ያገኘው መመሪያ ስለ ዋናተኛ ቆዳ እንጂ ስለ አንጀት ያለው ነገር አልነበረም። መዳፉ አፉ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

ያኔ ከኋላቸው የመማግ ድምፅ ተሰማ። በሬው ገመዱን አስረዝሞ አፍንጫውን ገንዳው ውስጥ ነክሯል። ወይዘሮ አልታዬ ትንፋሻቸውን ዋጡ። በሬው ቀና አለ፣ አፍንጫውን ላሰ፣ ደገመ።

«በል ልጄ፣» አሉ ወደ ተማሪው ዞረው፣ «አሁን ጠጣ። ተቀምሶልሃል።»