ቀድሞ የመጣ ድምፅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ውስጥ፣ ኤርሳዶ አዲሱን የድምፅ ማጉያ፣ ሳውንድባሩን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ዜና ከፈተ። የዜና አንባቢዋ ከንፈር ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይከተላል። በሪሞቱ ሊያስተካክለው ሲሞክር ድምፁ ከከንፈሯ ጋር እኩል ሆነ፣ ከዚያም ቀድሟት ሄደ። ሊመልሰው ቢነካካውም እምቢ አለው።

"ኤርሳዶ፣ ስኳር እኮ አልቋል" አለ ሳውንድባሩ፣ በሚስቱ በሉሊት ድምፅ።

ዞር ሲል ሉሊት ገና ከማድቤት ብቅ ማለቷ ነው።

"ኤርሳዶ፣ ስኳር እኮ አልቋል" አለችው።

ኤርሳዶ የሳውንድባሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለው። ከተነቀለው ሳውንድባር ውስጥ የበር መንኳኳት ተሰማ፤ አስከትሎም የጎረቤታቸው የእትዬ ወለተማርያም ድምፅ፦ "ሉሊት፣ ኧረ ድረሺ፣ ልጅሽን መኪና ገጫት።"

ሉሊት ሮጣ በሩን ከፈተች። ማንም የለም።

ኤርሳዶ በመስኮት ቁልቁል አየ። ልጃቸው ሀይሚ ከግቢው በር አጠገብ ብስክሌቷን እየነዳች ትስቃለች። ስሟን እየጠራ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

ደረጃው መሀል ላይ እትዬ ወለተማርያምን አገኛቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ላይ ይወጣሉ።