ለአባቷ ጣቶች የተሠራ እጀታ

አናጢው እንጨት በቅርጽ ለሚቆርጥበት የመጋዝ ማሽን አዲስ ምላጭ አስገባና፣ ልጁ ከወይራ ጠርባ በምላጭ ማጥበቂያው ብሎን ላይ የገጠመችለትን ሰፊ እጀታ በመዳፉ ያዘ። ጣቶቹ አልታጠፍ ካሉት ወዲህ ምላጩን የምትቀይርለት እሷ ነበረች፤ ነገ ግን ለሥራ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው።

«የድስት ክዳን አስመሰልሽው እኮ!»

«አባዬ ሙት፣ አታሹፍ። አጥብቀው።»

እጀታውን አዞረው። ምላጩ ተወጠረ፤ በጥፍሩ ነካ ሲያደርገውም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ልጅቷ እፎይ አለች። እሱ ምላጩን ትንሽ አየት አደረገና እጀታውን መልሶ አላላው።

«አልያዘም» አለ ቀና ሳይል። «እስቲ አንዴ አሳዪኝ።»

መያዙን ሁለቱም ሰምተዋል። በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ቀስ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት።