በሩ ክፍት ሳለ

ኮምፒውተሬ ላይ ሁለተኛውን መስኮት ከፍቼ ልግባ ስል ሰርቨሩ ዝም ይለኛል። ደግሜ እሞክራለሁ። መልስ የለም።

ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ይገባኛል። የአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ማሽኑ የት አገር እንዳለ እንኳ አላውቅም፣ ሁሉን የማደርገው ከሩቅ ሆኜ ነው። ሰሞኑን የማላውቃቸው ሰዎች ሌት ተቀን የይለፍ ቃል ሲገምቱበት ከረሙ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ውጤቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም ለጥቂት ጊዜ አቁሜ፣ ከክሊኒኩና ከእኔ ቤት በቀር ከየትም ማንም እንዳይገባ የሚል ሕግ ጻፍኩ። ደግ አደረግኩ። ያለሁት ግን ቤቴ አይደለም፤ አባቴ ሳሎን ነኝ፣ ኢንተርኔቱም የሚመጣው ከአባቴ ስልክ ነው። ሌባ ስዘጋ ራሴንም አብሬ ዘጋሁ።

"ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?" ይላል አባቴ ከጠረጴዛው ማዶ። የጎረቤት የበር ቁልፍ እየሞረደ ነው። ከአርባ ዓመት ቁልፍ ሠሪነት በኋላ ጡረታ ወጣ ይባላል፤ ሞረዱን ግን ማን ይቀማዋል?

"ራሴን ውጪ ቆለፍኩ፣ አባዬ።"

"በሩን ዘግተሽ ነው የሞከርሽው ከፍተሽ?"

የእሱ ነገር እንዲህ ነው። አዲስ ቁልፍ ሲገጥም በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይሞክረዋል፤ የመቆለፊያው ምላስ ወጥቶ ሲገባ በዓይኑ ሳያይ በር ዘግቶ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ እስቅበት ነበር። ስቄ ስቄ ልማዱን ወረስኩት፤ ሕግ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የገባሁበትን መስኮት አልዘጋም። አሁንም ክፍት ነው። አዲሱ ሕግ ቀድሞ የገባን አያስወጣም።

"ከፍቼ ነው።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?"

"ያለችኝ ያቺው አንዷ መስኮት ናት! ስልክህ ለአፍታ ቢቋረጥ አለቀልኝ። ዋናውን ቁልፍ የያዘው አለቃዬ አውሮፕላን ላይ ነው፤ ክሊኒኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይከፈታል፤ ፕሮግራሙን ደግሞ አላስነሳሁትም።"

ይሄኔ ስልኩ ይጮኻል።

"ታናሼ" ይላል ስክሪኑ። አጎቴ ነው። በአያቴ ቤት ሰበብ ከአባቴ ጋር ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። አባቴ አንድም ቀን ናፈቀኝ አላለም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ቀና ይላል።

ስልኩ አሮጌ ነው፤ ጥሪ ካነሱበት ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ጠዋት ጥሪ እንዳያነሳ አደራ ያልኩት እኔው ነኝ።

"አንሳው በቃ" እላለሁ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሞረዱን ያስቀምጥና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል ይከታል።

ስልኩ ይጮኻል። እኔ በመጀመሪያው መስኮት በኩል የአባቴን ስልክ የኢንተርኔት አድራሻ ሕጉ ላይ እጨምራለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ እሰርዘዋለሁ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል። አባቴ ስክሪኑ እስኪጨልም ያየዋል።

ሁለተኛውን መስኮት እሞክራለሁ። እገባለሁ። ፕሮግራሙን አስነሳለሁ፤ አንድ የደም ምርመራ ውጤት ብጠራ ከነቀኑ ይመጣል። እፎይ።

"ጨረስኩ። ደውልለት።"

"እሱ ይደውላ።"

"እሱማ ደወለ እኮ፣ አባዬ።"

ሞረዱን ያነሳል፣ ቁልፉን ያገላብጣል፣ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። መነጽሩን ያደርግና ስልኩን ይስበዋል።

ኮምፒውተሬ ላይ ሁለቱም መስኮቶች ባንድ ጊዜ ቀጥ ይላሉ። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳለሁ።

"እኔ ነኝ" ይላል አባቴ።