ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ

እናቷ ስትሞት አልነገሯትም፤ ይኼ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ሲንተከተክ ኖረ። ከሪያድ በደወለች ቁጥር ወንድሟ "እማ ተኝታለች" እያለ ሸነገላት። እውነቱን ገና ያኔ ያወጣችላት እዚያው ሪያድ የምትሠራ፣ ከሰፈሯ ብዙ ከማትርቀው ከደጋን ከተማ የሄደች ልጅ ነበረች።

ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ሆጤ ሰፈር ካለው የእናቷ ቤት ስትገባ በግ ታርዶ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እልልታው ቀልጦ ጠበቃት። ወንድሟ ቅልጥሙን መርጦ ሳህኗ ላይ አኖረላት።

"ብዪ እንጂ፣ እቴ።"

"እማ የት አለች?"

ወንድሟ ፈጥኖ አጠገቧ ተንበረከከ።

"ነገ ጠዋት በሽማግሌ ልናረዳሽ ነበር፣ ወላሂ! በሰው አገር ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብለን ነው።"

"ብቻዬን ነው ያለቀስኩት!"

ሳህኑን ገፍታ ከፍራሹ ወረደችና ባዶው መሬት ላይ ዘፍ አለች።

"የእናቴ ለቅሶ ዛሬ ነው። የሚያለቅስ አብሮኝ ይቀመጥ፤ ለሥጋ የመጣ ይውጣልኝ!"