የሁለት ሰው ቤት

ቴሌቪዥኑ የምክር ቤቱን ስብሰባ እያስተላለፈ ነው። አንዲት የምክር ቤት አባል ተነስተው፣ «የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሰው እንኳ እስኪጽናና ጥቂት ወራት ቢታገሡት ምናለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አስተካክለው መለሱ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሁለት ሰው ድምፅ የማይሰማበት ቤት በሦስተኛው ቀን ቤት ለሚጠብቅ ተረኛ ይሰጣል። የሚያዳምጠው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ለማንም አያዳላም።»

ወይዘሮ አስካለ ወጥ እያማሰሉ ግድግዳውን ሰረቅ አድርገው አዩት። ባላቸው ደጀኔ አገር ቤት እንደሄደ እዚያው ከሞተ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። ቤቱን እንዳያጡ ፈርተው ድምፅ አውጥተው አላለቀሱለትም። በየሰዓቱ ከመኝታ ቤት የሚሰማው የደጀኔ ሳል በአሮጌ ስልክ የተቀዳ ነው።

ጎረቤታቸው የሺመቤት ምስጢሩን ታውቃለች። እንደገባች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ጋሽ ደጀኔ፣ እንዴት ዋሉ?» አለች።

«ተኝቷል ባክሽ፤ ጉንፋኑ አልለቀቀውም» አሉ አስካለ።

ሁለቱም ወደ ግድግዳው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ግድግዳው ዝም አለ።

የሺመቤት ማማሰያውን ተቀብላ ወጡን ቀመሰች። «ጨው አልበዛም እትዬ?»

አስካለ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አሉ። «እሱ እንደሆነ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨው ጠንከር ሲል ነው የሚወደው።»

ማማሰያው ከየሺመቤት እጅ ወደቀ።

ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

«ነፍስ ይማር።»

ከመኝታ ቤት፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ደጀኔ ሁለቴ ሳለ።