«ይሄ ቀይ ሽብር ነው!»

በኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ ጥበቃዎች የእንግዶችን መታወቂያ እየተመለከቱ እንዲያስገቡ ኮሚቴው ሐሳብ አቀረበ። አንድ ነዋሪ ግን ብድግ ብሎ፣ «ይሄ ቀይ ሽብር ነው! ነገ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ልጆቻችንን ልትለቅሙ ነው!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ሐሳቡም ውድቅ ሆነ። ጡረተኛው የኮሚቴ ሰብሳቢ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ሲያይ ግን ከነከነው። «መቼም ክርክር ነው፤ የምሬን እንዳልሆነ ማን ያጣዋል?» ብሎ ራሱን አጽናና።

አላስችል ስላለው በማግስቱ ጠዋት ሰብሳቢውን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲወርድ፣ ጎረቤቱን እማማ ደብሪቱን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ትናንት ከፊት ወንበር ሆነው ሲያዳምጡት ነበር።

«ደህና አደሩ እማማ? ፌቨንስ? ዛሬ የመውጫ ፈተናዋ አይደል?»

«ቀስ በል፣ የልጅ ልጄን ስም አትጥራ» አሉት፣ ዙሪያቸውን እየቃኙ። «እግሯ ላይ ወድቄ ለምኜ ገጠር ሰደድኳት። እያለቀሰች በማለዳው አውቶቡስ ሄደች።»

«ፈተናዋን ትታ? ለምን?»

«ያኔ ‹ልጆችሽን አሽሺ› ሲሉኝ አላመንኩም፤ ሁለቱን ትልልቆቹን ወሰዱብኝ።» እጁን ስበው ሳሙት። «አንተ ባትነግረኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ ዘንድሮም ተዘናግቼ ነበር።»