ዲነር ስንት ሰዓት ነው?

የእንግሊዝኛ መምህሩ ፊክሪ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዋራው ሰው አጥቷል። ቤቱ ባዶ ሆኖ አይደለም። እስክንድርያ ውስጥ፣ ባሕሩ በሁለት ሕንፃዎች መሃል ሾልኮ ከሚታይበት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሚስቱ ከሳውሰንና ከአማቱ ከሐጃ ኢንሳፍ ጋር ይኖራል። ግን ሳውሰን ባንክ ቤት ስትሠራ ትውላለች፤ ሐጃ ኢንሳፍ ደግሞ አኩርፈውታል።

ኩርፊያው የጀመረው ፊክሪና ሳውሰን ቀለበት ባሰሩበት ቀን ነው። እንግዳ በሞላበት ሳሎን ፊክሪ አማቱን የሆነች ነገር አረማቸው፤ ምን እንደነበረች እንኳ ረስቷታል። የመምህር አመል ነው፣ ምን ያድርግ! ሐጃ ግን ከእንግሊዝ መነኮሳት ትምህርት ቤት የወጡ፣ ዓሣ እንኳ በሹካና በቢላ የሚበሉ ሴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ አናግረውት አያውቁም።

«ሳውሰን፣ ባልሽን ጨው አቀብል በይው።»

«ሳውሰን፣ ጨዉ እጃቸው ሥር ነው በያቸው።»

«እኔ የስልክ ሽቦ ነኝ እንዴ?» ትላለች ሳውሰን። «አንድ ቀን ጥያችሁ ታንታ ከተማ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ያኔ በጥቅሻ ትግባባላችሁ!»

ስለዚህ ፊክሪ ወሬውን ስልኩ ውስጥ አገኘ። ፌስቡክ ላይ የእንግሊዝኛ ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ቡድን አለ። ዕድሜ ልኩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው የኖረውን እዚያም ጻፈው፤ ዲነር ማለት እራት ነው።

ራሱን «ካፒቴን» ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው መለሰለት። «ተሳስተሃል። ዲነር የቀኑ ዋና ምግብ ነው። እኔ ከእንግሊዞች ጋር ተቀምጬ ዲነሬን በቀትር በልቻለሁ። አንተ የት በላህ?»

የፊክሪ ደም ፈላ። በሕይወቱ ከእንግሊዝ ጋር ውኃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም፤ ይቺ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ታሳፍረዋለች።

ጦርነቱ በዚህ ተጀመረ። ፊክሪ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ያነሳል። መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ መልሱን ይጽፋል፣ ከዚያ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ጮክ ብሎ ያነበዋል። «እስቲ ለዚህ መልስ አምጣ!» ይላል ለግድግዳው። ሐጃ ኢንሳፍ ሟች ባለቤታቸው የባሕረኛ ኮፍያ ደፍተው ከተነሱት ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው፣ ስልካቸውን አፍንጫቸው ላይ ደቅነው፣ ቀና ብለውም አያዩት።

«እማ፣ ዓይንሽን የጨረሰው ስልክ ላይ የምታዪው ይሄ ድራማ ነው» ትላቸዋለች ሳውሰን።

ካፒቴኑ ማን እንደሆነ ፊክሪ አልተጠራጠረም። ዋሒድ ነው! ካፌ ውስጥ በዶሚኖ የተጣላው፣ ወጣትነቱን ወደብ ላይ ከመርከበኞች ጋር ያሳለፈ፣ ክረምት ከበጋ የባሕረኛ ኮፍያ የማያወልቅ ዋሒድ። ደግሞም ማስረጃ አለ። ፊክሪ ጉንፋን የያዘው ሰሞን ካፒቴኑ «መጀመሪያ አፍንጫህን ተናፈጥ፣ ስለ እንግሊዝኛ ከዚያ ታወራለህ» ብሎ ጻፈ።

«ትናንት ካፌ ሳስነጥስ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር!» አለ ፊክሪ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ይሄ ሌባ!»

አንድ ጠዋት ንዴቱ ገነፈለና «ሰው ሲጃጅ ምሳና እራት ይምታታበታል» ብሎ ጻፈ። ለሳሎኑ አነበበ፣ ላከ፣ እጁን አጨበጨበ። በዚያው ቀን ሳውሰን እናቷን ለዓይን ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ስለወሰደች ቤቱ የእሱ ብቻ ሆነ። እግሩን ሰቅሎ መልስ ጠበቀ።

መልስ የለም። በማግሥቱም የለም።

መጀመሪያ ደስ አለው። «ፈረጠጠ!» አለ። ቀጥሎ ግን ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሳ። ሽማግሌ ሰው ጃጀህ ይባላል? ቢታመምስ? ከናካቴው ሞቶ ቢሆንስ? ያኔ ገባው፤ በዚህች ከተማ በየቀኑ የሚያናግረው ሰው ያ ተሳዳቢ ብቻ ነበር። «ካፒቴን፣ ደህና ነህ?» ብሎ ጻፈ። አሁንም ዝም።

አልቻለም። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ ኬክ አስጠቀለለና ካፌ ሄደ።

«ዋሒድ፣ ይቅር በለኝ» አለ ኬኩን ፊቱ አስቀምጦ። «ጃጀህ ማለት አልነበረብኝም። ከፈለግህ ዲነር በቀትር ይሁንልህ።»

ዋሒድ ባስቡሳውን አየ፣ ፊክሪን አየ። «ምሳ ልትጋብዘኝ ነው?»

«ፌስቡክ ላይ የተባባልነውን ነው የምልህ!»

«የምን ፌስቡክ ነው ወንድሜ?» ዋሒድ ቁጥሮቹ የተፋቁ አሮጌ ስልክ ከኪሱ አወጣ። «ይቺ እንኳን ፌስቡክ፣ ሰዓት በቅጡ አትናገርም። ለማንኛውም ይቅር ብዬሃለሁ።» ባስቡሳውን ግን አልመለሰም።

ፊክሪ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ሲደርስ ሳውሰን ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«መጣህልኝ! እማን አሁን አመጣኋት፤ የዓይን ጠብታ ልገዛላት ነው። ዶክተሩ ሁሉን ነገር ከልክሏታል፤ ማጎንበስ፣ ማልቀስ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ። ብቻዋን እንዳትተዋት።»

«እኔ ምን ብዬ ላናግራቸው?»

«በጥቅሻ!» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ሐጃ ኢንሳፍ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ ሌላውን ጨፍነው፣ እዚያችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊክሪ ራቅ ብሎ ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ምንም የለም።

«ወይ ካፒቴን» አለ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ። «ምናለ አንዴ እንኳ ብትሰድበኝ!»

ሐጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊክሪ በልማድ ሳውሰንን ፍለጋ ወደ በሩ ዞረ። ሳውሰን የለችም።

«አንተ ፊክሪ» አሉ ሐጃ ኢንሳፍ፣ «ይሄ ፋሻ ከዓይኔ እስኪወርድ ድረስ አሸነፍኩ እንዳትል።»